አንድ ቴራ ለሴቶቹ ክፍል

ላፕቶፕ ልገዛ ነው ስል ሰመራ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ጥቂት ነው። ፊት ለፊቴ የሳቁትን ይቅር ብያለሁ። ጀርባዬን ስሰጥ የሳቁትን ግን አልረሳኋቸውም፤ የትኛው ቢሮ እንደሚሠሩ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ሊነሱ ሲመጡ ኮሌታቸውን ማን እንዳስተካከለላቸው ጭምር አውቃለሁ። "በዚህ ዕድሜዋ ምን ልትጽፍበት ነው?" አሉ። ልጽፍበት አልነበረም። ላስቀምጥበት ነበር። ስለዚህ ከማሽኑ መልክም ከፍጥነቱም በፊት ያሳሰበኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል ይይዛል?

የማስቀምጠው ምን እንደሆነ ለመናገር ወደ አዋሽ ልመለስ።

አዋሽ ሰባት የገባሁት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ባሌ በአካባቢው የእርሻ ልማት ሥራ አግኝቶ ነው። ስለ ባሌ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ለምን ተለያያችሁ እያሉ እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ፤ ይህን የምጽፈው ለእነሱ አይደለም። እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ፣ ይበቃል። ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ሠርግ በቪዲዮ ማስቀረጽ ገና የተጀመረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከጅቡቲ ያስመጣው በትከሻ የሚያዝ ትልቅ ካሜራ በከተማው ወሬ ሆኖ ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ፎቶ ልቆርጥና ቤቱን ልጠርግ ነው።

ኋላ "እኔ ነኝ ያስተማርኳት" እያለ ባለፎቶ ቤቱ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ያስተማረኝ ነገር ቢኖር እጽፈው ነበር። የአዋሽ ሠርግ አብዛኛው የሙስሊም ሠርግ ነው፤ አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ከወሎ የመጣውም፣ ኦሮሞውም። ወንዱ ዳስ ውስጥ ለብቻው፣ ሴቷ ቤት ውስጥ ለብቻዋ። የሴቶቹ ክፍል ወንድ አይገባበትም። ሰውየው ካሜራውን ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ ወንድ ሩዝ ሲበላ ይቀርጽና ካሴቱን ያስረክባል። የሙሽራይቱ እናት ካሴቱን ስታስከፍት ልጇ የለችበትም፤ እሷም የለችበትም፤ እህቶቿም የሉበትም። እናቶቹ "ይሄማ የኛ ሠርግ አይደለም" እያሉ ሥራውን ሊያስቀሩበት ሲቃረቡ ነው ካሜራውን ትከሻዬ ላይ የጫነው። "ቁልፉን ተጫኚና ዝም ብለሽ ቁሚ" አለኝ። ትምህርቱ በሙሉ ይሄው ነው።

የራሴን አሠራር ያወጣሁት እኔው ነኝ። ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ካሜራውን መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። አሮጊቶቹን አንድ በአንድ ሰላም እላለሁ። ከዚያ አንዱን ግድግዳ ይዤ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ "መቀረጽ የማትፈልግ ከኋላዬ ትቀመጥ።" ሳቅ ይሆናል፣ ግፊያ ይሆናል፣ ሁለት ሦስቱ ተነሥተው ከኋላዬ ይሄዳሉ። ሌሊቱ ሲሞቅ ከኋላዬ ያለው ጭፈራ ከፊቴ ካለው ይበልጥ የደመቀበት ጊዜ ነበር። አንድም ቀን ዞሬ አላውቅም። በሥራዬ ከምኮራባቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ የምኮራውን ያህል የምኮራበት የለም፤ ያልቀረጽኩትን የሚያውቁት ከኋላዬ የተቀመጡት ሴቶች ናቸውና ለእነሱ ትቼዋለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ያየሁትንም እዚህ አልጽፍም። ካሴቱን ላልሰጠሁት ሰው በወረቀት አልሰጠውም።

የሴቶቹ ካሴት ከወንዶቹ ጋር አይደባለቅም። አንድ ግልባጭ ለሙሽራይቱ እናት በእጇ እሰጣለሁ፤ ዋናው ፎቶ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው። እንዲህ እየሠራን ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሰውየው ደጁ ላይ ቴሌቪዥን አቆመ። ጅቡቲ የሚመላለሱ ሾፌሮች እዚያ ፊት ለፊት ነበር መኪና የሚያቆሙት።

"የባለፈውን ሠርግ የሴቶቹን ካሴት አምጪው" አለኝ። "ለናሙና ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ። ሰው ሥራችንን ይይ።"

"የወንዶቹን ያሳዩ" አልኩት። ያኔ እርስዎ ነበር የምለው።

"ወንድ ሥጋ ሲግጥ ማን ቆሞ ያያል?"

"ሴቶቹ እኔን አምነው ነው።"

"አንቺን? አንቺ ደግሞ ማነሽ? ካሜራው የኔ። ካሴቱ የኔ። መብራቱ የኔ። ያንቺ ዐይንሽ ብቻ ነው።"

ዐይኔን ይዤ ሄድኩ። ካሴቶቹንም ይዤ ሄድኩ። ቁም ሣጥኑን ስቆልፍ በወሰድኩት ልክ አዲስ ባዶ ካሴት ከነላስቲኩ ደርድሬለታለሁ፤ ሌባ የሚለኝ ሰው ከዚያ ጋር ያወዳድር። እሱ ግን ሌባ አለኝ። ካሜራ መያዝ ስለማትችል አባረርኳት ብሎም አስወራ። ወሬው ለጥቂት ቀን ገበያው ውስጥ ዞረ። ነገር ግን አፋር አገር ወሬ የሚሄደው ገበያ ለገበያ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። ሴቶቹ በዳጉ የተለዋወጡት ሌላ ነው። ካሴቱን ለምን እንደወሰድኩ ከኔ አፍ ሳይሰሙ አወቁት። የሚቀጥለው ሠርግ ሲደርስ የሙሽራይቱ አክስት ቤቴ ድረስ መጣችና "ካሜራ ከሌለሽ ፈልጊ፤ እኛ የምናስገባው አንቺን ነው" አለችኝ።

የአንገት ሐብሌን ሸጬ ካሜራ ገዛሁ። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመላለሱት ነጋዴ ሴቶች ናቸው ያመጡልኝ፣ ሩዝ ውስጥ ቀብረው። ለሳምንት ያህል ሩዝ ከማይክሮፎኑ ቀዳዳ በመርፌ ስለቅም ነበር። ሠራሁበት እንጂ! ከገዋኔ እስከ መተሐራ ያልገባሁበት የሴቶች ክፍል የለም። ሰውየው ቴሌቪዥኑን ከደጁ ያነሣው በዚያው ዓመት ነው፤ እኔ ነኝ ያስነሣሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ሰመራ የክልሉ ከተማ ሆኖ ቢሮው ሁሉ ወደዚያ ሲጠቃለል እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ያኔ ቤቱ ጥቂት፣ ነፋሱ ብዙ ነበር። አዋሽ ላይ ሠርጋቸውን ቀርጬ የዳርኳቸው ልጆች ግማሾቹ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነዋል፣ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት። አንድ ክፍል ተከራይቼ ጉርድ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመርኩ። ካሴቶቹን በብረት ሣጥን አድርጌ ነው የሄድኩት። ሾፌሩ ገዋኔ ላይ "እማማ፣ ይሄን ሣጥን ከላይ ከፍየሎቹ ጋር እንጫነው፣ እግርሽ ደንዝዟል" አለኝ። "እግሬ የኔ ነው፣ ሣጥኑ የሰው ነው" ብዬ ሰመራ ሥር እስካለችው ሎጊያ ጭኔ ላይ ይዤው ደረስኩ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ "የሰው ሣጥን ደህና ነው?" ይለኛል።

ደህና አልነበረም። የሰመራ ሙቀት ካሴት አይወድም። ይህን የነገረችኝ አንዲት የዳርኳት ልጅ ናት፤ አፋር ናት፣ አሁን የልጆች እናትና የቢሮ ሰው። አንድ ቀን ጉርድ ፎቶ ልትነሣ መጥታ፣ ከተነሣች በኋላም አልሄድ አለች።

"እትዬ፣ የኔ ካሴት አንቺ ጋ አለ?"

"እናትሽ ጋ ሰጥቼ ነበር።"

"እናቴ አላህ ይርሀማት። ካሴቱ ላይ ወንድሞቼ ኳስ ቀድተውበታል። እሷን ባየሁ ብዬ ስከፍተው አንድ በረኛ ኳስ ይዞ ይንከባለላል።"

ሣጥኑን ከፈትኩና የሷን አውጥቼ ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። ሥዕሉ መጣ፣ ግን በረዶ የዘነበበት ይመስላል። እናቷ ከበሮ ይዛ ትታያለች፤ መስመር ፊቷ ላይ ያልፋል፣ ተመልሶ ያልፋል። ልጅቷ ቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክካ በመሐረቧ መስታወቱን ትጠርግ ጀመር፤ አቧራ መስሏት።

"አቧራ አይደለም" አልኳት። "ካሴቱ እየሞተ ነው።"

"እናቴን ሁለተኛ ልትቀብሪብኝ ነው?" አለችኝ። እያለቀሰች ነው ያለችው፤ ቢሆንም ከበደኝ።

መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት። ከማጫወቻው ወደ ኮምፒዩተር ሥዕል የምታሻግር አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ሎጊያ አገኘች። ለሙከራ፣ አንድ ዓርብ ቀትር ላይ የቢሮው ወንዶች ለጁምዓ ሲወጡ ማጫወቻዬን በዘንቢል ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። በሩን ቆለፍን። የአንድ ካሴት ሠርግ ለማሻገር ካሴቱ ራሱ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ይፈጃል፤ ወንዶቹ ሳይመለሱ ጨረስን። አምስት ጊጋ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ወዲያው ከቢሮው ኮምፒዩተር ላይ አጠፋችው፣ ከቆሻሻ መጣያው ውስጥም አጠፋችው፣ ከዚያም መጥፋቱን ደጋግማ አየች።

"ለዚህ የራስሽ ማሽን ያስፈልግሻል" አለች። "በሩ የማይንኳኳ።"

በሣጥኑ ውስጥ ያለውን በዚያ ልክ አባዝቼ አየሁት፤ አራት መቶ ጊጋ አለፈ። ከዚያ በኋላ የቀረው መግዛት ነው።

ሰመራ ውስጥ ዕቃው ከወደብ በቀጥታ የሚመጣለት ሱቅ አንድ ነበር። ባለቤቱም ያው የአዋሹ ሰውዬ ነው። እሱም ቢሮዎቹን ተከትሎ መጥቶ ኤሌክትሮኒክስ ከፍቷል፤ ፎቶ ቤቱን ትቶታል። ዓመታት በደጁ ሳልፍ ወደ ሌላ በኩል ነበር የማየው። አዲስ አበባ ሄጄ መግዛት እችል ነበር፤ ግን ሸሸችው እንዲባል አልፈለግሁም። ልጅቷን ይዤ ገባሁ።

"ኧረ ማን መጣ! አዋሽ ተጠቅልላ መጣች!" አለ።

"እንደምን ነህ" አልኩት።

አንተ ማለቴ አላመለጠውም። ከዚያ ነጋዴ ነውና ፈገግ አለ። "ላፕቶፕ? ለማን?"

"ለራሴ።"

"ለጉርድ ፎቶ ከሆነ ይቺ ትበቃሻለች።" አንዷን ከፍቶ አዞረልኝ። "ሦስት መቶ ሃያ ጊጋ። የሰመራን ሕዝብ በሙሉ ጉርድ ብታነሺው አይሞላም።"

"ከሷ የሚበልጠውስ?"

"የሚበልጠው ያ ነው፤ አንድ ቴራ፣ ሺህ ጊጋ። እሱ የመንገድ መሐንዲሶች የሚወስዱት ነው። ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? አዳራሽ ተከራይቶ አንድ በርጩማ ማስቀመጥ ነው።"

"እትዬ በርጩማ ብቻ እንዳላት በምን አወቅህ?" አለች ልጅቷ።

"እኔ ለሷ አዝኜ ነው። ልዩነቱ ሁለት የሰባ ፍየል ይገዛል። ደግሞ ያ ከባድ ነው። ይዘገያል።"

"ቢዘገይ እኔም አልቸኩልም" አልኩት።

ከእኔ ወደ ልጅቷ፣ ከልጅቷ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ገባው፤ ሲገባው አየሁት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካሴቶቹ ናቸው፣ አይደል? እስካሁን አሉ?"

ዐይኔን ወደ ትልቁ ማሽን መለስኩ።

"እንግዲህ ስሚኝ። ትንሿን ውሰጂ። ካሴቱን እኔ ጋ አምጪው፤ ልጆቼ ያሻግሩልሻል፤ የሱቁ ትልቅ ማሽን ላይ ይቀመጥልሻል፤ የፈለግሽ ቀን መጥተሽ ትወስጃለሽ። በነጻ።"

አዋሽ ላይ ስንሠራ ከፎቶ ጠርዝ የሚቆረጠውን ቁራጭ ወረቀት ለልጆች መጫወቻ ስሰጥ የሚቆጣ ሰው ነው። ከሱ አፍ በነጻ የሚል ቃል ስሰማ ያ ደጁ ላይ የቆመው ቴሌቪዥን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያኔ ሦስት ደቂቃ ነበር የጠየቀኝ። አሁን ሣጥኑን በሙሉ።

"አይሆንም" አልኩት።

"እሺ፣ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ግዢ። ማሽኑ ትንሽ ይሁን፣ ዲስኩ ትልቅ።"

ይሄኛውን አስቤበት ነበር። ግን የአገሬን ሰው አውቃለሁ። ተንቀሳቃሽ ዲስክ እንዳለሽ የታወቀ ቀን ያንቺ አይደለም። ጎረቤት "ፊልም ልቅዳበት፣ አንድ ቀን ብቻ" ይላል፤ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ሲመለስ በማላውቀው ፊልምና በቫይረስ ተሞልቶ ይመጣል፤ በመሃል የት የት እንዳደረ፣ ማን ምን እንደከፈተ አይታወቅም። ላፕቶፕ ግን ማንም ደፍሮ አውሺኝ አይልም። ይህንን ለሱ አላብራራሁለትም። "አይሆንም" ብቻ አልኩት።

"እንግዲያው አንዱን ትገለብጫለሽ፣ ለባለቤቷ በፍላሽ ትሰጫለሽ፣ ከማሽኑ ታጠፊያለሽ፣ ሌላውን ትገለብጫለሽ። ምን ትልቅ ያስፈልገዋል?"

ይህ ምክሩ፣ መጻፍ አለብኝ፣ ልክ መሰለኝ። ለካሴቶቹ ያሰብኩት ያንኑ ነበር፤ ከሞት አውጥቼ ለየባለቤቱ ማስረከብና እጄን መታጠብ። ለዚያ ትንሿ ትበቃለች። እጄን ወደ ትንሿ ዘረጋሁ።

"ወዴት ነው የምትሰጪኝ?" አለች ልጅቷ።

"እንዴት ወዴት? በእጅሽ ነዋ።"

"እጄ የት ያስቀምጠዋል? እኔ ቤት ያለው አንድ ቴሌቪዥን ነው። ፊቱ ላይ ባሌ፣ የባሌ ወንድሞች፣ ከገጠር የመጣ እንግዳ፣ የጎረቤት ጎረምሳ። ፍላሽ ሳሎን ካደረች ጠዋት የኔ አይደለችም። ሁሉም ይሰካታል። ካሴት ሳለ እንኳ ኳስ ቀዱበት። አሁን ደግሞ በስልክ ሊልኳት ነው።" ድምጿ ቀጠነ። "ወላሂ፣ እናቴ ሻሿን ያወለቀችው ላንቺ ነው። እትዬ፣ የኔን አትስጪኝ። አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። ሲናፍቀኝ መጥቼ አያለሁ።"

"እሱ ያንቺ ቤት ብቻ ነዋ" አላት ሰውየው። "ሌሎቹ የየራሳቸውን ይውሰዱ።"

"የሌሎቹ ቤት ወንድ የለም?" አለችው።

እዚያ ቆሜ ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን እናቶች፣ ሙሽሮች፣ አክስቶች በልቤ አለፍኳቸው። የማንኛቸው ቤት ነው የሚቆለፍ መሳቢያ ያለው? የማንኛዋ ስልክ ነው ባልና ልጅ የማይከፍቱት? ለየቤታቸው ብበትነው ያኔ ከሰውየው እጅ ያወጣሁትን ዛሬ በገዛ እጄ ለየሳሎኑ መስጠት ነው። አጥፍቼ ሌላ የምገለብጥበት ማሽን አልነበረም የሚያስፈልገኝ። ምንም የማይጠፋበት ነው።

እጄን ከትንሿ ላይ አነሣሁ። "ያንን ትልቁን ገልብጠው፤ ሆዱን ልየው" አልኩት።

"ሆዱን?"

"ዲስኩ ብቻውን ይወጣል?"

"በብሎን ነው፤ ይወጣል። ምን ያደርግልሻል?"

"ማሽኑ የተበላሸ ቀን ለጠጋኝ እሰጣለሁ። ላንተም ልሰጥ እችላለሁ። ዲስኩን ግን አልሰጥም። አውጥቼ ነው የማመጣልህ።"

ልጅቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ካርቶኑን ሲያወርድ "የዲስኩን ቦታ ለሁለት ልክፈልልሽ? ሁሉ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው" አለኝ። "አንተ አትንካው" አልኩት። የይለፍ ቃሉን ያወጣችው ልጅቷ ናት፤ እኔና እሷ ብቻ ነን የምናውቀው፤ እሷም አታውቀውም፣ ቤት ገብቼ ቀይሬዋለሁ። ስነግራት "ደግ አደረግሽ" አለችኝ።

ካሴቶቹን ማሻገር ወራት ፈጀ። ሰመራ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው በማለዳ ነው፣ ፀሐይ ሳትወጣና መብራት ሳይሄድ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ማጫወቻው እንዳይግል በእርጥብ ጨርቅ ሥሩን አቀዘቅዝ ነበር። አንዳንዱ ካሴት እምቢ አለ፤ የሁለት ሙሽሮች ሙሉ በሙሉ ሞተው ቆዩኝ። ሄጄ ለየቤታቸው ነገርኳቸው። አንደኛዋ የሞተውን ካሴት ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሌላዋ "አንቺ አይተሽኛል፤ ይበቃኛል" አለችኝ። የቀሩት ግን ገቡ። ለእያንዳንዷ ፎልደር የሚሉትን አቃፊ ከፍቼ፣ በእናቷ ሳይሆን በራሷ ስም ጻፍኩበት።

ሴቶቹን እየጠራሁ ጠየቅኳቸው። "ግልባጭ ትወስጂያለሽ ወይስ እኔ ጋ ይቆይ?" እንውሰድ ያሉ አሉ፤ ሰጥቻቸዋለሁ፤ መብታቸው ነው። ብዙዎቹ ግን "አንቺ ጋ" አሉ። ከአዋሽ የመጣች አንዲት ባለ ሱቅ ግልባጩን ከወሰደች በኋላ በሳምንቱ መልሳ አመጣችው። "ቤት ውስጥ መደበቂያ ስፈልግለት ስፈልግለት ደከመኝ፤ ያንቺ ቤት መደበቂያዬ ይሁን" አለችኝ። በዓል ሲደርስ እየተቀጣጠሩ ይመጣሉ። በሩን እንዘጋለን፣ መጋረጃውን እናወርዳለን፣ ማራገቢያውን ወደ ማሽኑ አዙሬ እነሱን በላብ አስቀምጣቸዋለሁ። "ለኛ አታዝኚም እንዴ?" ይላሉ። "እናንተ አትበላሹም" እላቸዋለሁ።

ያቺ ልጅ እናቷን መጀመሪያ የከፈትኩላት ቀን አላለቀሰችም። ከበሮው ሲመታ አብራ በጣቷ ጠረጴዛ መታች፤ ሲያልቅ "ድገሚው" አለችኝ፤ ደገምኩት። ትልቁን እንድገዛ ያደረገችኝ እሷ ናት፤ ይህንን ክብር አልነፍጋትም። እንቢ ማለቱ ግን የኔ ነው።

አሁን የሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሌላ ልማድ መጥቷል። አንዲት ጠንካራ አሮጊት ቅርጫት ይዛ ትቀመጥና ከሚገቡት ልጃገረዶች ሁሉ ስልክ ትቀበላለች። ልጃገረዶቹ ያጉረመርማሉ። "እሷ ለምን ካሜራ ይዛ ትገባለች?" ብለው ወደ እኔ ይጠቁማሉ። "እሷን ከራሳችሁ ጋር ታወዳድራላችሁ?" ትላለች አሮጊቷ። ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም፤ ልስማም አልፈልግም።

በቅርቡ አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። ፊቷን አላወቅኩትም፤ ስትናገር ግን የማን ሚስት እንደሆነች አወቅኩ። የዚያው የአዋሹ ሰውዬ፣ የባለሱቁ ሚስት ናት።

"ልጃችን ልታገባ ነው" አለች። "ባሌ የሱቁን ካሜራና የሱቁን ልጅ፣ ሴት ናት ያውም፣ እልካለሁ ይላል። እኔ አንቺን ነው የምፈልገው።"

"እሱ ምን አለ?"

"የሠርጉ ወንድ በኩል የሱ ነው። ይሄኛው የኔ ነው።" በሩን ገርበብ አደረገችው። "ልጄ ከሱቁ ማሽን ላይ እንድትቀመጥ አልፈልግም። የሱቁን ማሽን ስንት ሰው እንደሚነካው አውቃለሁ።"

ብዙ ልላት እችል ነበር። ሌባ ተብዬ ገበያ ውስጥ ሳልፍ የነበረውን፣ ካሜራ መያዝ አትችልም የተባለውን ሁሉ። ይህች ሴት ግን እዚያ ውስጥ አልነበረችበትም። "የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ?" ብቻ አልኳት።

"አንቺ ጋ። ሴቶቹ ነግረውኛል። ቦታ አለሽ?"

ማሽኑን ከፍቼ አሳየኋት። ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየውን መስመር በጣቴ ነካሁላት። ሰማያዊው ገና ግማሹን አለፍ ብሎ ነበር። "ለልጅሽም፣ ለልጅ ልጅሽም አለ" አልኳት።

የሠርጉ ቀን ካሜራዬን ይዤ ስደርስ ሰውየው ዳሱ በር ላይ እንግዳ ሲቀበል ነበር። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በሱ በኩል ነው። አየኝ። እኔም አየሁት። የሚለው ነገር እንዳለ አፉ ተንቀሳቀሰ፤ ከኋላው ሚስቱ ከቤት ብቅ ብላ "ግቢ፣ ግቢ፣ አንቺን ነው የምንጠብቀው!" ብላ ጮኸች። የሚቀመጥበትን ወንበር አንሥቶ መንገዱን ለቀቀልኝ። ገባሁ፤ ካሜራውን መሬት አስቀመጥኩ፤ አሮጊቶቹን ሰላም ማለት ስጀምር ሴቶቹ ከጀርባዬ በሩን ዘጉት።